ፕሮግራምን ከሥሩ ነቅሎ እንደገና ስለ መትከል
ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ኮምፒዩተር ነው። «ይህ የልጆች ጉዳይ ነው» ብላችሁ በልባችሁ ያሰባችሁ እንደምትኖሩ ይገባኛል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ በተበላሸ ጊዜ ከኪሱ የሚከፍለው ወላጅ ነው። ከጎንደር የመጣው የአያት ፎቶግራፍ የጠፋ እንደ ሆነም የሚያዝነው ወላጅ ነው። ስለዚህ አንዲት ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ ይኸውም አልሠራም ያለን ፕሮግራም ጨርሶ አውጥቶ እንደገና ማስገባት እንዴት እንደሚቻል ነው።

በየቤቱ ስዞር የማየው እንዲህ ነው። አንድ ፕሮግራም ይደርቃል፣ ወይም ሲከፈት ወዲያው ይዘጋል። ልጁ በስክሪኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ምስል ወደ ቅርጫቱ ይጥልና «አጠፋሁት» ይላል። እንደገና ያስገባዋል፤ ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ወደ ጥገና ይወሰዳል፤ ብዙ ጊዜም መልሱ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ይሆናል። ፎርማት ማለት በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠረጋል ማለት ነው፤ የልጁ የትምህርት ቤት ሥራ፣ የሠርጉ ቪዲዮ፣ ያስቀመጣችሁት የሰነድ ቅጂ፣ ሁሉም ይሄዳል። አንዳንዱ ባለሙያ አስቀድሞ ይጠይቃችኋል፤ አንዳንዱ ግን ቋንቋው ስለማያግባባችሁ ሳይጠይቅ ሥራውን ይጨርሳል። አንድ መስኮት ቢሰበር ቤት አይፈርስም።

ያቺ ትንሽ ምስል ፕሮግራሙ አይደለችም፤ መንገድ ጠቋሚ ብቻ ናት። በፖስታ ሣጥን ላይ የተለጠፈውን ስም ብትልጡት ተከራዩ ከቤቱ አይወጣም። ፕሮግራም ሲገባ ዕቃውን በብዙ ክፍል ያስቀምጣል። ዋናው አካሉ አብዛኛውን ጊዜ «ፕሮግራም ፋይልስ» በሚባለው ፎልደር ይገኛል። ስለ እናንተ የሚያስታውሰው ነገር ደግሞ «አፕ ዳታ» እና «ፕሮግራም ዳታ» በሚባሉ፣ ከዓይን በተሰወሩ ፎልደሮች ውስጥ ይቀመጣል። ከዚህም ሌላ ዊንዶውስ «ሬጂስትሪ» በሚባለው መዝገቡ ላይ ይጽፈዋል።

ፋየርፎክስን እንውሰድ፤ ኢንተርኔት የምንከፍትበት ፕሮግራም ነው። እርሱን በሥርዓት ብታወጡት እንኳ ፕሮፋይል የሚባለው የግል መዝገባችሁ «አፕ ዳታ» ውስጥ ይቀራል። ይህ የተደረገው ለክፋት አይደለም፤ የይለፍ ቃላችሁና ያስቀመጣችኋቸው ገጾች እንዳይጠፉ ነው። ችግሩ በዚያው መዝገብ ውስጥ ከሆነ ግን አዲሱ ፋየርፎክስ አሮጌውን መዝገብ አንሥቶ ይሠራበታል፤ ችግሩም አብሮ ይመለሳል። እናቶች ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፤ ምጣዱ በደንብ ካልታሰሰ የሚቀጥለው እንጀራ እዚያው ቦታ ላይ ይይዛል። ክሮም በበኩሉ ሲወጣ የተጠራቀመው መረጃ አብሮ ይጥፋ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ልጆች ሳያነቡ ያልፉታል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት የራሳችሁን ነገር አውጡ። ፎቶግራፉንና የትምህርት ሥራውን ዲስክ ኦን ኪ ላይ ገልብጡ፤ ከገለበጣችሁም በኋላ በትክክል መከፈቱን እዩ። ፕሮግራሙ በገንዘብ የተገዛ ከሆነ ቁጥሩን፣ የተመዘገባችሁበትን ኢሜይልና የይለፍ ቃሉን በደብተር ጻፉና ደብተሩን ከሰነዶቻችሁ ጋር አኑሩት። ይህ ሳይያዝ የወጣ ፕሮግራም ሲመለስ እንደገና ክፈሉ ይላል። በተለይ ኢሜይል የሚቀመጥባቸው አንዳንድ ፕሮግራሞች ደብዳቤዎቹን ራሳቸውን በዚያው በተሰወረው ፎልደር ስለሚያኖሩ፣ እዚያ ያለውን ሁሉ ቆሻሻ ነው ብላችሁ አትጣሉ።

ቀጥሎ ፕሮግራሙን ዝጉ። የኮምፒዩተራችሁ ቋንቋ ዕብራይስጥ ከሆነ «ሃግዳሮት» የሚለውን ክፈቱ፤ ማስተካከያ ማለት ነው። በዊንዶውስ 11 «አፕሊካጽዮት»፣ ከዚያ «አፕሊካጽዮት ሙትካኖት» የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ የገቡ ፕሮግራሞች ማለት ነው። ከፕሮግራሙ ስም አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትጫኑ «ሃሴር ሃትካና» የሚል ይወጣል። የሚያስወጣው ይህ ነው። በዊንዶውስ 10 ቃላቱ ትንሽ ይለያሉ። ደግሞ ልብ በሉ፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ያገለገለ ኮምፒዩተር የምትገዙ ሰዎች ይህን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ከዚያ «ሃፍዓላ መሐዳሽ» የሚለውን ምረጡ። አጥፍቶ ማብራት ያው ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አይደለም። ብዙ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ቶሎ ለመነሣት ሲሉ ሲጠፉ ከሥራቸው ከፊሉን ያስቀምጡታል። በትክክል ከአዲስ የሚጀምሩት እንደገና አስነሣ ሲባሉ ነው።

ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ፎልደር ከፍታችሁ የተሰወሩት እንዲታዩ አድርጉና በነገርኳችሁ ሦስት ቦታዎች የፕሮግራሙን ወይም የሠሪውን ድርጅት ስም ፈልጉ። ካገኛችሁት ወዲያው አታጥፉት፤ በስሙ መጨረሻ ላይ «አሮጌ» ብላችሁ ጻፉበት። አዲሱ ፕሮግራም አያውቀውም፤ እናንተ ግን የረሳችሁት ነገር ቢኖር ታገኙታላችሁ። ከሠሪው ድርጅት ሌሎች ፕሮግራሞች ካሏችሁ የእነርሱንም እንዳትነኩ ተጠንቀቁ። ሬጂስትሪውን ግን ተዉት። እርሱን እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞችን ማይክሮሶፍት ራሱ አይደግፋቸውም፤ በእኔም አስተያየት ከሚጠቅሙት የሚያበላሹት ይበዛል።

ጸረ ቫይረስ ለብቻው ነው። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ በተለመደው መንገድ አልወጣ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ እንደ ማካፊ፣ ኖርተንና አቫስት ያሉት ሠሪዎች የራሳቸውን ማስወገጃ አዘጋጅተዋል። አሮጌው ሳይወጣ ሁለተኛ አትጨምሩ፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ኮምፒዩተሩ ይንቀራፈፋል። በመካከሉ ባዶ እንቀራለን ብላችሁም አትስጉ፤ በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ያለው ዲፌንደር ሌላው ሲወጣ ሥራውን ይረከባል።

አዲሱን ስታስገቡ ከሠሪው ድርጅት ብቻ ውሰዱ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ከላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በገንዘብ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ልጃችሁ «የሚከፈልበትን በነጻ አገኘሁ» ቢላችሁ በዚያን ጊዜ አብራችሁት ተቀመጡ። ቋንቋውን እርሱ ያንብብላችሁ፤ «እሺ» የሚለውን ከመጫኑ በፊት ግን የተጻፈውን ለእናንተ ይንገራችሁ። ስልክ ደውሎ «ከማይክሮሶፍት ነኝ፣ ኮምፒዩተርህን ልጠግንልህ» የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ ስልኩን ዝጉበት። ማይክሮሶፍት ሳትጠሩት አይደውልም።

ስልክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በኮምፒዩተር አሮጌው ይቀርና ያስቸግራል፤ በስልክ ግን አፕሊኬሽኑ ሲጠፋ የያዘውም አብሮት ሊሄድ ይችላል። ዋትስአፕን ከማጥፋታችሁ በፊት በማስተካከያው ውስጥ መልእክቶቹን የሚያስቀምጠውን ቦታ ፈልጋችሁ መቼ እንደ ተቀመጡ ቀኑን እዩ። እዚያ ያለው የዘመዶቻችሁ ድምፅ ነው።

የዕብራይስጡን ቃላት ሰሌዳው ላይ እጽፍላችኋለሁ፤ በደብተራችሁ ገልብጡ። ኮምፒዩተር ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ከእናንተ እንጀምር።