ስለ ሐዲስ ኪዳን በኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ በኦሪቱ ሥርዓት 50ኛው ዓመት ነው። ያን ጊዜ ቀንደ መለከት ይነፋል፤ በድህነት የተሸጠው እስራኤላዊ ነጻ ይወጣል፤ ርስቱን ያጣውም ወደ ርስቱ ይመለሳል። ስለዚህ ዛሬ ልንጠይቀው የሚገባን፥ ኃጢአተኛ ሰው ወደ አባቱ ቤት የሚመለሰው በምን ተማምኖ ነው የሚለውን ነው።

በአካባቢያችን ያለው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. ግድም ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ ከየገጠሩ የመጡ ወጣቶች፥ ይልቁንም ሴቶች ልጆች፥ ልብስና ጫማ ይሠሩበታል። የተሰፋው ልብስ ወደ ውጭ አገር ከመላኩ በፊት በተቈጣጣሪ ፊት ያልፋል፤ ስፌቱ የተጣመመ እንደ ሆነ ይመለሳል። ይህ ለንግድ ተገቢ ነው፤ ገዢ ገንዘቡን የሚሰጠው ነውር ለሌለበት ዕቃ ነውና። ነገር ግን ከእኛ ብዙዎቻችን እግዚአብሔርንም እንዲሁ እናስበዋለን። «ገና አልበቃሁም» እያልን ከቅዱስ ቍርባን ርቀን እንቆማለን። ሕፃናትና አረጋውያን ሲቈርቡ ጐልማሳው ወደ ኋላ ማለቱ በአገራችን የቈየ ልማድ ነው።

ኪዳን ግን ሽያጭ አይደለም። ቃሉ «ተካየደ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጓሜው ተማማለ፥ ቃል ተጋባ ነው። ሽያጭ የዕቃውን ነውር ይመረምራል፤ ይህ ኪዳን ግን በሰጠው በእግዚአብሔር ታማኝነት ይጸናል። ነቢዩ ኤርምያስ በ31ኛው ምዕራፍ፥ በሐዲሱ ኪዳን ሕጉ በልብ እንደሚጻፍና ኃጢአት ዳግመኛ እንደማይታሰብ አስቀድሞ ተናገረ። ጌታችንም በጸሎተ ሐሙስ ምሽት ጽዋውን በሰጠ ጊዜ፥ ኪዳኑ በደሙ ለኃጢአት ስርየት የቆመ መሆኑን ገለጠ። ከዚያ ማዕድ የቀረቡት እነማን ነበሩ? በዚያችው ሌሊት የሚክደው ጴጥሮስና ትተውት የሚሸሹት ደቀ መዛሙርት አልነበሩምን? እርሱስ ይህን እያወቀ ሰጣቸው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህንኑ በሥራ ታስተምራለች። ወንዱ በ40 ቀኑ፥ ሴቲቱ በ80 ቀኗ ተጠምቀው ሥጋውንና ደሙን ይቀበላሉ። ሕፃኑ ምን ጾመ? ምን መጸወተ? ሥራ ሳይቀድመው የተቀበለው አባት፥ ካደገ በኋላ በንስሐ ሲመለስ እንዴት ይገፋዋል?

«እንግዲያስ እንደ ወደድን ብንኖር ምን አለ?» የሚል ቢኖር፥ ኪዳኑን አላስተዋለም። ሕጉ የተጻፈበት ልብ አባቱን ማሳዘን ያፍራል። ሐዋርያው ጳውሎስም ሰው ራሱን ሳይመረምር እንዳይቀርብ አስጠንቅቋል፤ ይሁን እንጂ ምርመራው ወደ ንስሐ የሚያደርስ ነው እንጂ የሚያስቀር አይደለም። ይሁዳም ጴጥሮስም ወድቀዋል፤ ይሁዳ ተስፋ ቈረጠ፥ ጴጥሮስ ግን አልቅሶ ተመለሰ። ልዩነታቸው በመውደቃቸው ሳይሆን በመመለስ ነው።

እናንተ ልጆቼ፥ በማለዳ ወደ ሥራ ስትሄዱ ኪዳን ሲደርስ ትሰማላችሁ። ያ ጸሎት ስለ እናንተም ነው። የንስሐ አባት ያዙ፤ ቅረቡ። እኛም ካህናት፥ ከሥራ ደክሞት የሚመጣውን ወጣት ነገ ተመለስ ሳንል እንቀበለው፤ የኢዮቤልዩ መለከት በእኛ አፍ እንዳይዘጋ።

ለወልደ እግዚአብሔር፥ ለኪዳናችን መካከለኛ፥ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፥ አሜን።