ሁለቱ ዓመት ለምን ሦስት ይሆናል?



በአሜሪካ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገርን የምሕንድስና ተማሪዎች በጓሮ በር እንደ ገባን አንቆጠር። እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ የተጀመረው የጆሊየት ኮሌጅ ከመነሻው የዩኒቨርሲቲን ሁለት ዓመት ለማስተማር የታሰበ ነበር።

የጠቅላላ ምሕንድስና ትምህርት ሰንሰለት ነው። በብዙ ኮሌጆች ካልኩለስ ሳይያዝ ፊዚክስ አይጀመርም፤ ፊዚክስም ሳይቀድም የኃይሎችን ሚዛን የሚመረምረው ስታቲክስ አይወሰድም። ስለዚህ ከካልኩለስ በታች የጀመረ ተማሪ፥ ስንፍና ሳይኖርበት፥ ሁለቱ ዓመት ሦስት ይሆንበታል። ቀን እየሠራ ማታ የሚማረውማ ይብስበታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ያለፉትን ኮርስ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪው ሳይቆጥረው ሲቀር ነው፤ ገንዘቡም ጊዜውም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ታናናሾቻችን ከመመዝገባቸው በፊት የሚሄዱበት ዩኒቨርሲቲ የሚቀበላቸውን ኮርሶች ዝርዝር በእጃቸው ይያዙ። መምህራኖቻችንም ይህን በመጀመሪያው ሳምንት እንዲነግሩልን በአክብሮት እንለምናለን።