ነጋዴውና የቆመው ውሃ

  

ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ ወንድም ጠጋ ብሎ ጠየቀን። አዳማ ውስጥ ላቫጆ አለው፤ በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱ ከባድ መኪኖችን ያጥባል፣ ዘይትም ይቀይራል። «ሼኽ፣ የውሃውንም የመብራቱንም ሒሳብ በየወሩ እከፍላለሁ። የከፈልኩበትን ውሃ እንደፈለግኩ ብጠቀምና እጣቢውን ወደ ቦዩ ብለቀው ምን ወንጀል አለብኝ?» አለን። በአንድ ቃል ልንመልስለት ነበር። ኋላ ግን ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አብረን ብንከተለው ተሻለን።

አዳማ በዋናነት የምትጠጣው ተጣርቶ የሚመጣውን የአዋሽን ውሃ ነው። አዋሽ ደግሞ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት በቆቃ ይታቆራል። ወደ ቆቃ የአዲስ አበባን እጣቢ የተሸከመው አቃቂ በአዋሽ በኩል ይገባል፤ በቆዳ ፋብሪካዎቿ የምትታወቀው የሞጆ ወንዝም ይገባል። ቆዳ በጨው፣ በኖራና በክሮም ይለፋል፤ ሳይጣራ የተለቀቀው ሁሉ መድረሻው ያው ግድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው ይህ ግድብ መብራት ያመነጫል። ከእሱ የወጣው ውሃ የወንጂን አገዳ ያጠጣል፣ ከዚያም ወርዶ የአዋሽ ሁለትንና የአዋሽ ሦስትን ተርባይን ያዞራል። የላቫጆው ፓምፕ የሚሠራበት መብራት፣ ባለቤቱ ጠዋት ሻዩ ውስጥ የሚጨምረው ስኳር፣ ልጁ የሚጠጣው ውሃ፣ ሦስቱም የዚህ ወንዝ እጅ አለባቸው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በማይፈስ የቆመ ውሃ ውስጥ ሸንቶ፣ መልሶ በዚያው እንዳይታጠብ መከልከላቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ቆቃ ምንድን ነው? የቆመ ውሃ አይደለምን?

«ወንዙ ቢበላሽ ጉድጓድ እንቆፍራለን» የሚል አይጠፋም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይህ ቀላል አይደለም። የከርሰ ምድሩ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በወንጂ እርሻ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኗል፤ የአንዳንዶቹም ወገብ ደርቆ ጎብጧል። ፉቀሃዎቻችን ውሃን የሚመዝኑት በቀለሙ፣ በጣዕሙና በሽታው ነው። ፍሎራይድ ግን በዓይንም በአፍንጫም አይያዝም። ውዱእ የሚሆንበት ውሃ ሁሉ ለሕፃን ጥርስ አይሆንም።

ከዚህ ወደ ደቡብ ወርደን ደግሞ አብያታን እንይ። አብያታ በዋናነት የሚመገበው ከደንበል (ዝዋይ) በቡልቡላ ወንዝ በኩል በሚመጣው ውሃ ነው። የመቂና የባቱ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ የአበባ እርሻዎቹም ጭምር ከላይ ይቀዳሉ። ከታች ደግሞ ሶዳ አሽ ሲመረት የኖረው ከራሱ ከአብያታ ውሃ ነው። ሐይቁ ኪሎ ሜትሮች ሸሸ፣ ዓሣው ተመናመነ። ሐይቁ ሲሸሽ የፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አብሮ መሸሹን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ለወንድማችን የሰጠነው መልስ ይኸው ነው። በየወሩ የምትከፍለው ውሃው ለሚሳብበት፣ ለሚጣራበትና በቧንቧ ለሚደርስበት ድካም ነው። ማጣሪያው አሉሚኒየም ሰልፌት ይፈልጋል፤ እሱን የሚያመርት ፋብሪካ እዚሁ አዋሽ መልካሳ አለ። የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይ የማፍሰስ መብት ግን በዚህ ክፍያ አይገዛም። ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ስለዚህ ዘይቱን በበርሜል አጠራቅም፣ ለጭቃው ማጥለያ ጉድጓድ አበጅ፣ ማጠቢያ ጎማው ሰው ሳይዘው ክፍት አይደር አልነው።

«ጎረቤቴ ሁሉን ወደ ቦይ እየለቀቀ በርካሽ ያጥባል፤ እኔ ደንበኛ ላጣ ነው?» አለ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ትልቁን ፋብሪካ ትተን ላቫጆውን ብቻ ብንገሥጽም ፍትሕ አይሆንም፤ ተቆጣጣሪው አካል ሁለቱንም በአንድ ዓይን ማየት አለበት።

ሊሄድ ሲነሳ ግን ፈገግ ብሎ «የመስጊዱስ ቧንቧ?» አለን። እውነቱን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ነበር፤ እኛ ደግሞ ቧንቧውን ከፍተን እጅጌያችንን እንሰበስባለን። ለመስጊዱ ኮሚቴ ነገርን። ከሚያፈሱት ቧንቧዎች ሁለቱ ተቀይረዋል፣ ሦስተኛው ዛሬም ያንጠባጥባል።