«ዘው አለ» ከመባል እንጠበቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ሰው ሳይጠራና ሳያስፈቅድ ሰው ቤት ሲገባ በአማርኛችን «ዘው አለ» እንላለን። «ቤቶች!» ብሎ፣ «ይግቡ» ተብሎ የገባን ግን «ገባ» እንለዋለን እንጂ «ዘው አለ» አንለውም። ግሡ ራሱ ነቀፋ አለበት።

ቁርኣን በሱረቱ ኑር 27ኛ አያ የሰው ቤት ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር ያዘናል። አንዱ ሰላምታ ነው። ሌላው «ተስተእኒሱ» በሚለው ግሥ የተነገረው ነው። ዑለማዎች ፈቃድ መጠየቅ ነው ብለው አብራርተውታል። የግሡ ሥር ግን «ኡንስ» ነው፤ መላመድ፣ ያለ ስጋት መሆን ማለት ነው። ስለዚህ በር መምታት ብቻ አይበቃም፤ የቤቱ ሰው ወዶ እንደተቀበለን ማወቅ አለብን። ቀጣዩ አያ ደግሞ ተመለሱ ከተባልን እንድንመለስ ያዛል።

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ አንድ የመዲና ሰው ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ከአራት ሰዎች ጋር ምግብ ጠራ። ያልተጠራ አንድ ሰው ተከተላቸው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ዝም ብለው አላስገቡትም፤ ቢፈቅድ እንዲገባ፣ ባይፈቅድ እንዲመለስ ለባለቤቱ ነገሩት። ባለቤቱም ፈቀደ።

እኔ ግን አጥፍቻለሁ። ከዓመታት በፊት በረመዳን የመስጂድ መዋጮ ስሰበስብ፣ በሩ ገርበብ ያለ ቤት «ቤቶች» ሳልል ዘው አልሁ። ሰዓቱ ማፍጠሪያ ነበር። አንዲት እናታችን ፊታቸው ያለውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ። ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ ውኃና ጥቂት ቆሎ ነው። ከመቀነታቸው ፈትተው ብር ሰጡኝ፤ እኔም ተቀበልሁ። ደጅ ቆሜ ጠይቄ ቢሆን «ዛሬ የለኝም» ብለው ይመልሱኝ ነበር፤ መብታቸውም ነበር። ዘው ማለቴ ያን መብት ነጠቃቸው። የሰጡኝ በሐፍረት እንጂ በፈቃድ አልነበረም። በማግሥቱ ብሩን ይዤ ደጃቸው ቆሜ «አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው።

ወንድሞችና እህቶች! ለመልካም ሥራ መሄዳችን ፈቃድ ከመጠየቅ አያድነንም። ከበሩ ትይዩ ሳይሆን ፈንጠር ብለን እንቁም። ሰላምታ እናቅርብ። «ማነው?» ስንባል «እኔ ነኝ» ሳይሆን ስማችንን እንናገር። እስከ ሦስት ጊዜ ጠይቀን ካልተፈቀደልን ሳንቀየም እንመለስ። ይህንንም ለልጆቻችን እናስተምር።

አላህ የሰውን ገመና የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።