ቴሌቪዥኑ፣ ልጆቻችንና የጎዳና ቋንቋ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልናነሣ የወደድነው የየቤታችንን ጉዳይ ነው፤ ልጆቻችን እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ለምን አይገባንም?

የተሰበሰብንበት ሰፈር ስም ራሱ የጎዳና ቃል ነበር። ከመሀል ከተማው በላይ ያለውን ይህን የሃይ ስትሪት አካባቢ «ሾርት ኖርዝ» እያሉ የጠሩት ፖሊሶችና የታክሲ ነጂዎች ናቸው ይባላል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሥዕል ማሳያ ቤቶች ሲበዙ ስሙ ጸና። በአገራችን ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የአዲስ አበባው የአራዳ ሰፈር ስም የብልጥ ከተሜ መጠሪያ ሆነ።

የአሜሪካ ወጣቶች ቃልም ብዙውን ጊዜ ከጎዳና ይነሣል። «ኩል» የሚለው ቃል ቴሌቪዥን በየቤቱ ከመግባቱ በፊት በጥቁር አሜሪካውያን የጃዝ ሙዚቀኞች ዘንድ ይነገር ነበር። ቴሌቪዥን ያገኘውን ቃል ያሰራጫል። በዚህ ረገድ ኮሎምበስም ድርሻ አላት፤ በ1977 «ኪዩብ» የተባለው የኬብል አገልግሎት የተጀመረው እዚሁ ነው። በ1981 ለተከፈተው ለኤምቲቪ መንገድ ከጠረጉት አንዱ የኪዩብ የሙዚቃ ጣቢያ ነበር። ኤምቲቪ በ1988 የራፕ ዝግጅት ሲጀምር የኒውዮርክ ጎዳና ቃል ኦሃዮ ሳሎን ውስጥ ገባ። በሲምፕሰንስ ፊልም የታወቀው «ዶህ» በ2001 በኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሰፈረ። ዛሬ ደግሞ ሥራው ወደ ስልክ ተዛውሯል፤ በኢንተርኔት የተዛመተው «ሪዝ» የ2023 የኦክስፎርድ የዓመቱ ቃል ተባለ፤ ትርጉሙ ሰውን የመማረክ ችሎታ ነው።

ወጣት እንዲህ ያለውን ቃል የሚይዘው ከእኩዮቹ ጋር ለመመሳሰል፣ ከታላላቆቹም ለመለየት ነው። ወላጅ ሲለምደው ልጁ ይተወዋል። ስለዚህ ቁጣም ሆነ ፉክክር አያዋጣም። «ባድ» ብሎ «ግሩም» ማለቱ ከሆነም፣ ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ነው። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤቱም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ስልኩም ያስተምሩታል። አማርኛው ግን ከቤታችንና ከማኅበራችን በቀር መጠጊያ የለውም። አያት ከአገር ቤት ስትደውል ልጁ አስተርጓሚ የሚፈልግ ከሆነ የጎደለው ከእኛ ነው።

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጆቻችን ያመጡትን ቃል ትርጉም እንጠይቃቸው፤ በምላሹ አንድ የአማርኛ ተረት፣ አንድ እንቆቅልሽ እንስጣቸው። እናንተም ወጣቶች የእናንተን አስተምሩን፤ የእኛንም ተቀበሉን።