የሌዘር ብርሃን፣ የጠጕር ሥርና የቆላ ሰው ቆዳ



እኛ መሐንዲሶች በተሰበሰብን ቍጥር ስለ ድልድይና ስለ መስኖ ቦይ መነጋገር ልማዳችን ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስለ ጠጕር ማስወገጃ ሌዘር ልናገር መነሣቴ ፈገግ ሳያሰኛችሁ አይቀርም። ነገሩ ግን ከሙያችን የራቀ አይደለም፤ ሙቀት ወዴት እንደሚሄድ የማወቅ ጉዳይ ነውና።

እኔ የተወለድሁት ሸዋ ሮቢት ነው። ከጣርማ በር ቍልቍል ወርዶ ይፋት ቆላ የደረሰ መንገደኛ ሁሉ የዚያን አገር ፀሐይ ያውቀዋል። እዚያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አገጭዋ ላይ የሚበቅለውን ጠጕር ለዓመታት በወረንጦ ስትነቅል ኖራ፣ አዲስ አበባ ሄዳ በሌዘር ታከመች። የተመለሰችው ግን እንደ ሳንቲም የከበቡ ጥቋቍር ምልክቶች ይዛ ነበር። «መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ። አልተበላሸም፤ የተሠራበትን ሥራ ሠርቷል። የተሳሳተው ምርጫው ነው።

የመጀመሪያውን ሌዘር በ1960 እ.ኤ.አ. ከሩቢ ዕንቍ የሠራው ቴዎዶር ማይማን ነው። ለዚህ ሕክምና መሠረት የሆነውን ሐሳብ ደግሞ አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1983 አሳተሙት። ብርሃኑን ሜላኒን የተባለው ጥቁር ቀለም ይውጠዋል፤ የተዋጠው ብርሃን ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱም ጠጕር አብቃዩን ሥር ያቃጥላል። ችግሩ ሜላኒን በጠጕር ብቻ ሳይወሰን በላይኛው ቆዳችንም መሙላቱ ነው። የጠቈረ ቆዳ ብርሃኑን ከሥሩ ሳይደርስ ገና በደጅ ይቀበለዋል።

የሞገዱ ርዝመት ሲጨምር ሜላኒን የሚውጠው ይቀንሳል፤ ብርሃኑም ጠልቆ ይገባል። የአሌክሳንድራይት ሌዘር 755 ናኖሜትር፣ ዳዮድ 810 ገደማ፣ ኤንዲ ያግ 1064 ናኖሜትር ነው። ለእንደ እኛ ያለ ቆዳ ይበልጥ የሚታመነው ይህ የመጨረሻው ነው። የብርሃኑ ቆይታም ቸል አይባልም። ስስ የብረት ምጣድ ከእሳት ሲወርድ ወዲያው ይበርዳል፤ የሸክላው ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። እንዲሁም ላይኛው ቆዳ በጥቂት ሚሊሰከንድ ሲበርድ፣ ወፍራም የጠጕር ሥር ለመብረድ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈጅበታል። ስለዚህ ብርሃኑ ረዘም ብሎ ቢለቀቅና ቆዳውም በቀዝቃዛ አየር ቢጠበቅ፣ ቆዳው ሲተርፍ ሥሩ ይቃጠላል።

ኋላ እንደ ተረዳሁት የአክስቴ ልጅ የታከመችው በ755ቱ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ባለው ሳምንት ሽንኵርት ስታስነቅል በፀሐይ ውላለች፤ ስለዚህ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ታካሚው ምን ይጠብቅ? ሕመሙ የተወጠረ ላስቲክ ተለቆ ቆዳን ሲመታ እንደሚሰማው ያለ ነው። መቅላትና ማበጥ ከሰዓታት እስከ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የተቃጠለው ጠጕርም ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይረግፋል። ሌዘሩ የሚይዘው በዕድገት ላይ ያለውን ጠጕር ብቻ በመሆኑ፣ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት እያሳለፉ ስድስት ጊዜና ከዚያም በላይ መመላለስ ያስፈልጋል። ሽበትን አይነካም፤ ቀለም የለውማ! ከሕክምናው በፊት መላጨት ይፈቀዳል፤ በወረንጦ መንቀል ግን የሚፈለገውን ዒላማ ማንሣት ነው። የ1064 ናኖሜትር ጨረር ለዓይን ሳይታይ ዓይንን ስለሚጎዳ ያለ መነጽር አይሞከርም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንኳ የሚቀበለው «ዘላቂ መቀነስ» የሚለውን እንጂ ጨርሶ ማጥፋትን አይደለም።

የሴት አገጭ ጠጕር አንዳንድ ጊዜ ከሆርሞን መዛባት ይመጣልና፣ ከሌዘር በፊት ሐኪም ማየት ይገባል። የአክስቴ ልጅም ይህን ያደረገችው በሁለተኛው ጊዜ ነው። ምልክቱ እስኪደበዝዝ ወራት ጠበቀች፤ ከዚያም በሌላ ስፍራ በኤንዲ ያግ፣ በመጀመሪያ ከመንጋጋዋ ሥር በትንሽ ቦታ ተሞክሮላት ታከመች። ሮቢት ገበያ ጃንጥላ ይዛ ስትወጣ ጎረቤቶቿ «እመቤት ሆንሽ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ከስድስት ጊዜ በኋላ ጠጕሩ በጣም ሳስቷል፤ ጥቂት ቀጫጭን ግን ዛሬም ይበቅላል፤ አልፎ አልፎ መመለስ እንደሚኖርባትም ተነግሯታል።