እንግዳው ያስታወሰኝ ምስጋና



ሲያትል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ከጃፓን የመጣ የልውውጥ ተማሪ ቤታችን ለሁለት ሳምንት አረፈ። እኔ ግን አፈርኩ። “እማዬ፣ እባክሽ እንጀራ አታቅርቢ፤ በእጃችን ስንበላ ቢያየን ምን ይላል?” አልኳት።

“ልጄ፣ እንግዳ የሚቀበሉት ባላቸው ነው” አለችና ዶሮ ወጧን ሠራች።

ልጁ በር ላይ ጫማውን አወለቀ፤ ጎንበስ ብሎም ሰላምታ ሰጠን። ማዕዱ ሲቀርብ ሁለት እጆቹን ገጥሞ “ኢታዳኪማስ” አለ። ምን ማለት እንደሆነ ስንጠይቀው፣ “በትሕትና እቀበላለሁ ማለት ነው፤ እኛ አገር ከመብላታችን በፊት እንለዋለን” አለን። ደግሞም ኦኒጊሪ የሚባለውን የሩዝ ድብልብል እነሱም በእጃቸው እንደሚበሉ ነገረን። የእናቴን ጉርሻ ሳቅ እያለ ተቀበለ።

ወገኖቼ፣ እኔ ያፈርኩት በምን ነበር? በእናቴ እጅ፣ ጌታ በሰጠን እንጀራ! ስንት ቀን ሳላመሰግን በልቼ ተነሥቻለሁ!

ዕብራውያን 13፥2 ስለ እንግዳ መቀበል ያሳስበናል። እንግዳ ሊበላ ብቻ አይመጣም፤ እኛ የረሳነውንም ይዞልን ይመጣል። ዛሬ ማታ ማዕድ ፊት ስትቀመጡ ቆም በሉ፤ አመስግኑ። ልጆቻችሁም ይስሟችሁ።

ጌታ ይባርካችሁ።